ለወንጪ ሩጫ ኪሎ ሜትር ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መስከረም ጠብቶ መንገዱ መጠንከር ሲጀምር ከአዲስ አበባ ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚደረግ የቅዳሜና እሑድ የሩጫ ጉዞ ማስታወቂያ ይበዛል። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ዋጋና «10 ኪሎ ሜትር፣ ለሁሉም የሚሆን» የሚል ቃል ይይዛል። አሥር ኪሎ ሜትሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ለማን እንደሚሆን የሚታወቀው ግን ሩጫው በየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚጀመር፣ በድምሩ ስንት ሜትር ዳገት እንዳለውና ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን መጨረሻ ላይ ሲነገር ነው። ማስታወቂያም ሆነ የጉዞ ጽሑፍ ስታትሙ ከርቀቱ ጎን እነዚህን ሦስት ነገሮች እንድትጠይቁ ነው ይህን የምንጽፍላችሁ። ከአንድ መስመር በላይ ቦታ አይወስድም፤ ለምሳሌ «መነሻ 3,000 ሜትር፤ ርቀት 8 ኪሎ ሜትር፤ ዳገት 350 ሜትር፣ ሁሉም በሁለተኛው አጋማሽ» ቢባል አንባቢው ራሱን ለክቶ ይወስናል።

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጎድጓዳ ተራራ ነው። በወሊሶ በኩል ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሐይቁ በ2,900 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ የተራራው ከፍተኛ ቦታ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከጠርዙ እስከ ውሃው ያለው ልዩነት፣ እንደ ተነሱበት ቦታ ቢለያይም፣ 400 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቶታል፤ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል። መድረሱ ቀሏል ማለት ነው። ዳገቱ ግን በፊት በነበረበት አለ።

ዳገትን ወደ ኪሎ ሜትር የሚመነዝር የቆየ ስሌት አለ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ለእግረኛ ያወጣው ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ያዙ ይላል። በሌላ አነጋገር 100 ሜትር ሽቅብ መውጣት ደልዳላ ላይ 800 ሜትር ያህል እንደ መሄድ ይቆጠራል። በዚህ ስሌት 400 ሜትር ዳገት ያለው 10 ኪሎ ሜትር ከ13 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህም ቁልቁለቱ ጭን ላይ የሚያደርሰውንና የአየሩን መሳሳት ሳይጨምር ነው።

አየሩን በተመለከተ ብዙ ሰው «እኛ ደጋ ነን፣ ለምደነዋል» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ወንጪ ሐይቅ ዳር 70 በመቶ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። የኦክስጅኑ ድርሻ የትም ቦታ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው በአንድ ትንፋሽ የምንስበው የአየሩ መጠን ነው። ስለዚህ በሐዋሳው ግማሽ ማራቶን ያስመዘገቡትን ፍጥነት ይዞ ወንጪ ላይ መነሳት ከመነሻው የተበላሸ ሒሳብ ነው፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ሶምሶማ በ6 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ወንጪ ጠርዝ ላይ ደልዳላ በሆነው ቦታ እንኳ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይጨምር። ዳገት ላይ ሰዓቱን መመልከት ቢተው ይሻላል።

ዋናው ችግር ግን ቅደም ተከተሉ ነው። እንጦጦ ላይ የሚሮጥ ሰው ትኩስ ሆኖ ይወጣል፣ ሲደክመው ይወርዳል። ቢዝል እንኳ ቁልቁለቱ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ወንጪ ላይ ጠርዙ ደርሶ ከመኪና የወረደ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ቁልቁለቱን ነው። ገና ትኩስ ነው፣ እይታው ያምራል፣ እግሩ ራሱ ይወስደዋል፤ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውሃው ዳር ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በሙሉ ዳገት ነው። በመደበኛ አቅም ላይ ያለ ሰው በእርምጃ በሰዓት ከ400 እስከ 600 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ 400 ሜትሩን ለመጨረስ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል ማለት ነው፣ ያም ሳይደክመው ቢነሳ። በሰላሳ ደቂቃ የወረድኩትን በሰላሳ ደቂቃ እወጣለሁ ብሎ ለሾፌሩ ሰዓት የሰጠ ቡድን የሚዘገየው በዚህ ነው፤ ፀሐይ ሲከርም ሆነ ዝናብ ሲመጣም መንገድ ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ቡድን ነው።

መፍትሔው የሲሶ ደንብ ነው። ለሩጫው የያዛችሁት ጊዜ ሲሶው ሲያልቅ፣ የትም ብትሆኑ፣ ፊታችሁን ወደ ላይ አዙሩ። ለ90 ደቂቃ የወጣ በ30 ደቂቃው ይመለሳል። ሐይቁ ባይደረስስ? አይደረስ። በእግር ተወርዶ የሚደረስበት ሌላ ቀን ሞልቷል፤ ለሩጫ ሐይቁ ግዴታ አይደለም። ርቀትን በደቂቃ መለካት ደግሞ ለሀገራችን ሯጮች አዲስ ነገር አይደለም፤ ጫካ ውስጥ የሚሠራው ልምምድ ሁሉ «አንድ ሰዓት ከአሥር» ተብሎ ነው የሚሰጠው። በሳተላይት ርቀት የሚለካ የእጅ ሰዓት ያሠረ ሰውም ቢሆን በገደል በተከበበ ጎድጓዳ ውስጥ የሳተላይቱ ምልክት ስለሚዛባ የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር ሙሉ በሙሉ አይመነው።

ቁልቁለቱን በሚገባ መውረድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጎዳው ወደ ኋላ ተደግፎ፣ እግሩን ከፊቱ ዘርግቶ፣ በተረከዙ እየረገጠ ስለሚወርድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ይሆንና የፊት ጭን ጡንቻ እየተሳበ ሸክም እንዲይዝ ይገደዳል። የጡንቻው ጭረት በዚያው ቀን አያሳምምም፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። እሑድ ወንጪ የወረደ ሰው ማክሰኞ የቢሮ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ እርምጃን ማሳጠርና ማብዛት፣ እግርን ከሰውነት ሥር ማሳረፍ፣ ክንድን እንደ ሚዛን መጠቀሚያ ገለጥ ማድረግ፣ ዓይንን ደግሞ ከእግር ጣት ላይ አንስቶ ከሦስትና ከአራት ሜትር ፊት ላይ መትከል ነው። ውድድር ያለበት ሰው በቀሩት አሥር ቀናት ውስጥ ረጅም ቁልቁለት ባይሮጥ ይመረጣል፤ ኅዳር ላይ በታላቁ ሩጫ የሚሳተፍ ሰው በዋዜማው ሳምንት ወንጪ ቢሄድ በእግሩ ይዝናና።

የጫማ ነገርም ቁልቁለት ላይ ነው የሚታየው። ለአስፋልት የተሠራ ጫማ ሶሉ ልሙጥ ነው፤ እርጥብ ሸክላ አፈር ላይ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ጥርስ ያለው ሶል ካልተገኘ አዲሱንና ወፍራሙን ትቶ ሶሉ ያላለቀ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ ጫማ መምረጥ ቁርጭምጭሚትን ያድናል። ከመውረዳችሁ በፊት ክሩን ፍቱና በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች በግራና በቀኝ ትንሽ ቀለበት ሠርታችሁ፣ ክሩን በቀለበቱ አሳልፋችሁ አጥብቁ። ተረከዝ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር አይጋጭም። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ነው የአውራ ጣት ጥፍር ጠቁሮ የሚነቀለው። ጥፍር ሁለት ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ፤ በዋዜማው ከተቆረጠ ስለቱ ጎረቤቱን ጣት ይቧጭራል።

ሽቅቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ መራመድ ነውር አይደለም። ዳገቱ ከ15 በመቶ ሲያልፍ፣ ማለትም በመቶ ሜትር ከ15 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ ሶምሶማና ፈጣን እርምጃ በፍጥነት እምብዛም አይለያዩም፤ በልብ ምት ግን በጣም ይለያያሉ። መለኪያው ቀላል ነው፦ አጠገባችሁ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ ተራመዱ። እጅን ከጉልበት በላይ ጭን ላይ አሳርፎ እየገፉ መሄድ ወገብ ሳይሰበር ሸክሙን ለክንድ ያካፍላል። ከጎናችሁ በኮንጎ ጫማ እየሮጡ የሚያጅቧችሁ ሕፃናት ይኖራሉ። ከእነሱ ጋር መፎካከር የለም። እነሱ ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት ዳገት ነው፣ ደግሞም ይበልጧችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሯጭ የምንመክረው ጠርዙን ነው። ጠርዙ ላይ ያለው የገጠር መንገድና የእግር መንገድ በገብስና በድንች ማሳዎች መካከል ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ትልቅ ዳገት የለውም፤ ግን ደልዳላም አይደለም፣ ትንፋሽን በየደቂቃው ይፈትናል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 15 ደቂቃ በእርምጃና በቀላል ሶምሶማ ማሟሟቅ፤ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ 25 ደቂቃ መሄድና በዚያው መመለስ። በዚያው መመለሱ አሰልቺ ቢመስልም ሁለት ጥቅም አለው። መንገድ አይጠፋም፤ በተጨማሪም ሲመለሱ ከሄዱበት የበለጠ ጊዜ ከፈጀ አነሳሳችሁ ፈጥኖ እንደነበር ወዲያውኑ ያሳብቃል። ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አቀዝቅዙ። ጠንከር ያለ ልምምድ የሚፈልግ ደግሞ ጠርዙ ላይ አንድ የማያዳልጥ አቀበት መርጦ ለ60 ሰከንድ ወጥቶ፣ በእርምጃ ወርዶ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ቢደጋግም ሐይቁ ድረስ ከመውረድ የተሻለ ጉልበት ይገነባል።

የጠርዙ ጠላት ብርድና ጉም ናቸው። በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ 0.65 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ አዲስ አበባ 10 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ ጠርዙ ላይ 4 ዲግሪ ገደማ መጠበቅ ነው፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ከዚያም ያነሰ ይመስላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሊያድር ይችላል። ጉም ከጎድጓዳው ተነሥቶ ጠርዙን ሲሸፍን የገደሉ አፋፍ አይታይም። በዚያን ጊዜ ሰፊውን መንገድ ይዞ መቆየት ወይም ፀሐይዋ ጉሙን እስክታነሳ መጠበቅ እንጂ የእግር መንገዱን መድፈር አይገባም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ መነሳት መልካም ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጨለማ የጅብ ነው። ፀሐይዋ ደግሞ አታታልል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል፤ በብርድ ውስጥ አንገትና ጆሮ ይቃጠላል። ኮፍያ ይያዝ።

ሐይቁን ሙሉ በሙሉ እዞራለሁ ብላችሁ አትነሱ። ካርታ ላይ ሲታይ ለመዞር የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ተዳፋቱ ሳይቋረጥ እስከ ውሃው የሚወርድበት ቦታ አለ፣ የእግር መንገዱም በድንገት ወደ ሰው ጓሮ ወይም ወደ እንሰት ተክል ይገባል። ወደ ማዶ የሚሻገረው ሰው በጀልባ ነው የሚሻገረው፤ በደሴቷ ላይ ያለውን የቂርቆስን ገዳም የሚሳለመውም እንዲሁ። ከሐይቁ ወዲያ ባለው ሸለቆ ፍል ውሃና የማዕድን ውሃ ምንጭ አለ። ወደዚያ መሮጥ የሚፈልግ ሰው የጀልባውን መጠበቂያ ጊዜ ከሩጫው ሰዓት ለይቶ ይያዝ፤ ላብ ያራሰው ልብስ ጀልባ ላይ በነፋስ ሲመታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ደረቅ ሹራብም ያስፈልጋል። የማዕድን ውሃውን ቅመሱት እንጂ በሩጫ መሐል አትጠጡት፤ ጋዙ ሆድ ይነፋና ዳገቱ ላይ ጎን ይወጋል። የሐይቁን ውሃም ሳይፈላ አትጠጡ።

መንገዱ የሯጭ ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፈረስ አከራዮች፣ ገበያተኞች፣ እረኞችና የጋማ ከብቶች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ፈረስን ከኋላው ሮጦ መድረስ ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ፈረስ ይራገጣል ወይም የተቀመጠበትን ሰው ይጥላል። ሃያ ሜትር ሲቀራችሁ ሩጫውን አቁማችሁ ተራመዱ፣ ድምፅ አሰሙ፤ ጠባብ ቦታ ከሆነ ገደሉን ሳይሆን ተራራውን ተደግፋችሁ አሳልፉት። ውሻ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። ሮጦ ማምለጥ ውሻውን ይጋብዘዋል። ቁሙ፣ ጀርባችሁን አትስጡት፣ ባለቤቱን ተጣሩ፤ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ያርቀዋል። የአካባቢው ሰው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ጠዋት «አካም ቡልተን» ብሎ ማለፍ፣ መንገድ ሲለቀቅላችሁም «ገለቶማ» ማለት ትንፋሽ አይጨርስም። ለቅሶ ወይም የቀብር ሥነ ሥርዓት ካጋጠማችሁ ቁሙ፤ ካለፈ በኋላ ትቀጥላላችሁ።

ጠመዝማዛውን መንገድ በአቋራጭ መቁረጥ የብዙ ሯጭ ልማድ ነው፤ ይህ ግን ከሁሉም የከፋው ጥፋት ነው። ጠመዝማዛው የተሠራው ተዳፋቱን ወደ አሥር በመቶ አካባቢ ለማለዘብ ነው፤ አቋራጩ ግን ከሃያ በመቶ ያልፋል። ሣሩ በእግር ተረግጦ ሲሞት የክረምቱ ጎርፍ ያንኑ መስመር ይከተላል፣ በሁለትና በሦስት ክረምት ቦይ ይሆናል፣ ከዚያም ከታች ያለውን የገበሬውን ማሳ ይበላል። ሰላሳ ሰከንድ ለማትረፍ የሰው አፈር ማስወሰድ ነው።

ምግብን በተመለከተ የውጭ አገር የኃይል ማርማላታ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ከሩጫው ሁለት ሰዓት በፊት በሶ በማርና በትንሽ ጨው ጠጣ ማድረግ፣ ለመንገድ ደግሞ አንድ እፍኝ ቆሎ በላስቲክ መያዝ ይበቃል። በብርድ ጥማት ስለማይሰማ ብዙ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ይጨርሳል፤ ደረቁ አየር ግን በትንፋሽ ብዙ ውሃ ይወስዳል። በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በየ15 ደቂቃው በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ነው። የፕላስቲክ ኮዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

አሁን ስለ ፈረሱ። ለሩጫ ቡድን ከሁሉ የተሻለው ዋስትና አንድ ፈረስ ከነባለቤቱ ተከራይቶ ከኋላ እንዲከተል ማድረግ ነው። ሹራብ፣ ውሃና ፋሻ ይሸከማል፤ እግሩን ያጠፈውን ወይም የደከመውንም ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ መንገዱን ያውቃል፣ ውሾቹም ያውቁታል። ዋጋውን ላይ እያላችሁ፣ ከነመመለሻው፣ ተስማሙ፤ ታች ደርሶ እያነከሰ የሚከራከር ሰው ብዙ አቅም የለውም። አሥር ሰው ላለበት ቡድን አንድ ፈረስ፣ አንድ የአካባቢ አስጎብኚና መጨረሻ ላይ የሚሮጥ አንድ ብርቱ ሰው ይበቃሉ። የመጨረሻው ሰው ደንቡ ማንንም አለማለፍ ነው። ሴቶች ብቻቸውን ወይም ሁለት ሆነው ወደ ጎድጓዳው ባይወርዱ እንመክራለን፤ ምክንያቱ ስልክ ገደሉ ሥር ላይሠራ መቻሉ ነው፣ ምክሩም ለወንዶች ያው ነው።

ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚታየው አራት እርምጃ መራመድ መቻሉ ነው። ካልቻለ፣ ወይም አጥንቱ ጫፍ ላይ ሲነካ ከባድ ሕመም ካለ፣ ራጅ ሳይነሳ ወጌሻ እንዳይነካው። ከቻለ በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ በፈረስ ይወጣል። መሮጡን መቀጠል ግን የለም፣ ትኩስ ስለሆነ ብቻ ነው የማያመው። ወሊሶ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል አለ፤ አምቦም ሆስፒታል አላት። ከቁርጭምጭሚቱ ይልቅ የሚያሳስበው ከራስ ምታት ጋር የሚመጣ ማቅለሽለሽና መንገዳገድ ነው። ይህ ከከፍታው የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል ሰውየው አይሩጥ፣ ብቻውንም አይተው። ሐይቁ ዳር መውረድ እፎይታው ትንሽ ነው፤ መልሶ መውጣትም አለበት። በመኪና ወደ ወሊሶ ወይም ወደ አምቦ ይወሰድ፤ ሁለቱም ከተሞች 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ ከጠርዙ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ነው። ይህ በተለይ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጡ ዘመዶችን ይመለከታል። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በሦስተኛው ቀን ወንጪ ላይ መሮጥ አይቻልም። ቢያንስ አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ቆይቶ፣ በመሐሉ እንጦጦን በእግር ወጥቶ፣ ከዚያ መሄድ ነው።

የአዲስ አበባ ሯጭ መዘጋጃ ሩቅ አይደለም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ በከፍታ ከወንጪ ሐይቅ ይበልጣል። ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን ጫካው ውስጥ ከ60 እስከ 80 ደቂቃ ቀስ ብሎ መሮጥ ለሳንባው ይበቃል። የሚጎድለው ከቁልቁለት በኋላ የሚመጣ ዳገት ስለሆነ እሱን ራሱን መለማመድ ነው፦ ከላይ ጀምሮ 15 ደቂቃ መውረድ፣ ወዲያው ዞሮ መውጣት። በአራተኛው ሳምንት 25 ደቂቃ ይውረዱ። ይህን ጨርሶ በማግስቱ ደረጃ ያለ ሥቃይ የሚወርድ ሰው ለወንጪ ደርሷል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለመንገዱ ከሁሉ የተሻለ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ በድንገት ይጥላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ጠርዙ ላይ ተመልሶ መገኘት ያስፈልጋል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ግን ወደ ታች የሚወስደው የእግር መንገድ ለሩጫ የተዘጋ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ሸክላው እርጥብ ሆኖ እግር አይዝም፤ ድንጋይ የተነጠፈበትም ቦታ ሻጋታ ስለሚይዝ ይብሳል። በዚያ ወቅት የሚሮጥ ሰው አስፋልቱን፣ በግራ ጠርዝ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየ ይሩጥ። ነጎድጓድ ከተሰማ አፋፉን ለቆ ዝቅ ወዳለ ቦታ ወይም ወደ መኪናው ይግባ፤ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አይጠለል።

ከሰላምታ ጋር፣
የረጅም ርቀት ሩጫ አሠልጣኞች
አዲስ አበባ